«ስኮፑ አልስተካከል አለኝ»፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ የአጋዘን አደን ወቅት በደረሰ ቁጥር ወዳጆቼ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ስኮፑ፣ ማለትም የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አልስተካከል አለ። ዘንድሮ የተጠየቅሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንድም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ።

ጋሼ፣ .308 ጠመንጃዬ ላይ አዲስ ስኮፕ አስሬ መቶ ያርድ ላይ ተኮስኩ። አንዱ ጥይት ግራ፣ አንዱ ቀኝ። በተኮስኩ ቁጥር ባስተካክለውም አልያዝ አለኝ። (ከሚኒሶታ)

መጀመሪያ ስኮፑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ማዞሪያ ልቀቀው። አንድ ጥይት ምንም አይነግርህም። ሳትነካው ሦስት ተኩስና የሦስቱን መሀል ይዘህ ለካ። ሦስቱ ራሳቸው ከተበታተኑ ግን የላላ ነገር ፈልግ።

እኔም በዚህ ነገር አንድ ፓኮ ሙሉ ጥይት ጨርሻለሁ። ስኮፑን የሚይዙት ቀለበቶች ጠብቀዋል፤ ስኮፑ ንቅንቅ አይልም። ቤት ገብቼ ስኮፑን ሳነሳው፣ ከሥሩ ያለው መቀመጫ የፊት ብሎን በጣቴ ዞረልኝ። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ዘይት አለ። ከፋብሪካ የመጣውን ዘይት ሳልጠርግ ነበር ያሰርኩት። ስለዚህ ስትፈታ ሁሉንም ፍታ። ብሎኖቹንና ቀዳዳዎቹን በአልኮል ጥረግ። መቀመጫው በደንብ ከጠበቀ በኋላ ወደ ቀለበቶቹ እለፍ። ለቀለበት ብሎን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይበቃል፤ መመሪያው ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተል። በጉልበት ካጠበቅኸው ቱቦው ይጨመቅና ውስጡ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ስትጨርስ ቀለበቱና ስኮፑ የሚገናኙበት ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምር። ከተኩስ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ስኮፑ ተንሸራቷል።

ማዞሪያው ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሄዶ አለቀ። ጥይቱ ግን አሁንም አሥር ኢንች ወደ ቀኝ ነው። ተበላሽቶ ነው? (ከኮሎራዶ)

ላይሆን ይችላል እህቴ። ማዞሪያው ሲዞር ቀጭ የሚለውን እያንዳንዱን እርምጃ፣ ክሊኩን፣ ከዳር እስከ ዳር ቁጠሪና ማዞሪያውን መሀል ላይ መልሺው። ማቀባበያውን አውጥተሽ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፊ። ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ቀዳዳ ዒላማውን እዪ፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ደግሞ በስኮፑ እዪ። መስቀሉ ከዒላማው በጣም ከራቀ መቀመጫው ወይም ቀለበቱ ጠሟል። የፊቱንና የኋላውን ቀለበት አለዋውጠሽ ሞክሪ። ጠማማው ቀለበቱ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሻል።

ስንት ክሊክ እንደማዞር ይምታታብኛል።

አብዛኛው የአደን ስኮፕ አንዱ ክሊክ መቶ ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ነው። ጥይቱ 4 ኢንች ዝቅ ካለ 16 ክሊክ ወደ ላይ። 25 ያርድ ላይ ግን ለዚያው 4 ኢንች 64 ክሊክ ያስፈልግሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አምና ልክ ነበር። ዘንድሮ ሦስት ኢንች ስቷል።

ጥይት ቀይረሃል? ክብደታቸው 150 ግሬይን እና 180 ግሬይን የሆኑ ጥይቶች አንድ ቦታ አይመቱም። ካልቀየርክ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች እይ።

ጭንቅላቴን ሳንቀሳቅስ መስቀሉም ዒላማው ላይ ይሄዳል።

ይህ ፓራላክስ ይባላል፤ ዓይን ቦታ ሲቀይር መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንቀሳቀስ መምሰሉ ነው። ማስተካከያ የሌለው የአደን ስኮፕ ብዙ ጊዜ ለመቶ ያርድ ነው የሚሠራው፤ በቅርብ ርቀት ይህ ያለ ነው። ጉንጭህን ሁልጊዜ ሰደፉ ላይ አንድ ቦታ አሳርፍ።

ታዲያ ስኮፑ ራሱ መሞቱን በምን ልወቅ?

በካሬ ፈትነው። መቶ ያርድ ላይ፣ ሁሌም አንዱን ነጥብ እያለምክ ሦስት ተኩስ። 20 ክሊክ ወደ ቀኝ፣ ሦስት። 20 ወደ ታች፣ ሦስት። 20 ወደ ግራ፣ ሦስት። 20 ወደ ላይ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት። በየመሀሉ አፈሙዙ እስኪበርድ ታገስ፤ በጋለ ብረት የሚደረግ ፈተና ያሳስትሃል። ጎኑ 5 ኢንች ያህል የሆነ ካሬ መውጣት አለበት፤ የመጨረሻዎቹም ከመጀመሪያዎቹ ላይ ማረፍ አለባቸው። ሁሉም ነገር ጠብቆ ሳለ ካልተመለሱ በሽታው ስኮፑ ውስጥ ነው። አትፍታው፤ ዋስትናውን ታጣለህ። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ወረቀት አጥፈህ ከስኮፑ ጋር ለአምራቹ ላክ።