ከፑኔ ያመጣኋቸው ሦስት ጥያቄዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ልግዛው?» አለችኝ። የአሽዋጋንዳ እንክብል ነው። ማስታወቂያው ጭንቀት ያስወግዳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጉልበት ይጨምራል ይላል። ዕድሜዬን በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና መልሴ ረዘመ። እናንተም ብታነቡት ብዬ ጻፍኩት።

አሽዋጋንዳን በሌላ ስም ሳታውቁት አትቀሩም። ግዛዋ ነው። በአጥር ሥርና በመንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ቀይ ፍሬው በስስ ሽፋን የተጠቀለለው ቁጥቋጦ። በእኛ አገር ለቡዳ ይታጠናል፤ ሕንዶች ደግሞ ሥሩን አድርቀው ይፈጩና በወተት ይጠጡታል። ስሙ በሳንስክሪት «የፈረስ ሽታ» ማለት ነው።

ፋርማሲ የተማርኩት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ነው። የመድኃኒት ዕፅዋት ያስተማሩን መምህር፣ አንድ ተማሪ «ይህ ተክል ለሆድ ጥሩ ነው» ካለ ሦስት ጥያቄ ያስከትሉበት ነበር፦ የትኛው ክፍሉ? ስንት? ለማን? ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። ኋላ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልተለየኝም።

የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና፣ አዩርቬዳ፣ ራሱ አጥብቆ የሚይዘው «ለማን?» የሚለውን ነው። ቃሉ «የሕይወት እውቀት» ማለት ነው። የቻራካንና የሱሽሩታን ስም የያዙት ጥንታዊ መጻሕፍት ጤናን የሚያስረዱት ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚሏቸው ሦስት ኃይሎች መመጣጠን ነው። ይህን አከፋፈል የዛሬው ሳይንስ አላረጋገጠውም፤ በግልጽ ልንገራችሁ። ሆኖም ቫይድያ የሚባለው ባለሙያ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የታማሚውን እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ዕድሜ፣ ወቅቱን ሳይቀር ይጠይቃል። ዛሬ ሕንድ ውስጥ ለዚህ ሙያ የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል ይማራሉ። በስልክ የሚሸጥላችሁ ግን ሥሩ ብቻ ነው፤ ጠያቂው የለም። ለሃያ ዓመት ወጣትም፣ ኩላሊታቸው ለደከመ አዛውንትም ያው እንክብል ይላካል።

«ስንት?» የሚለው ምን ያህል እንደሚከብድ ሳርፓጋንዳ ያሳያችኋል። ሕንዶች የዚህን ተክል ሥር ለእባብ ንድፊያም፣ ለአእምሮ ሕመምም ለዘመናት ተጠቅመውበታል። በ1949 እ.ኤ.አ. የቦምቤው ሐኪም ረስተም ጃል ቫኪል ሥሩን ለደም ግፊት ሕሙማን ሰጥቶ ያገኘውን ውጤት በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አሳተመ። በ1952 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የሲባ ኩባንያ ኬሚስቶች ሬሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥሩ ለይተው አወጡ። እኔም በእጄ አድዬዋለሁ፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከሩብ ሚሊግራም የማይበልጥ ነበር። መጠኑ ከፍ ሲል አንዳንዶች ከባድ ድብርት ውስጥ ገብተዋል። ለእባብ መርዝ ግን ፈውስ አልሆነም። የጥንቶቹ በአእምሮ ሕመሙ ልክ ነበሩ፣ በእባቡ አልነበሩም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የታወቀው ሲለካ ነው። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ «ጥሩ ነው» ብለው አላለፉም። በቀንድ አውጣ የሚዛመተውን ቢልሃርዚያ ለመከላከል ይውል እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት መረመሩት።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። የስኳር ኪኒናቸውን በየወሩ ከእኔ የሚወስዱ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከዱባይ አንድ ዱቄት ላከችላቸው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብላ። እሳቸውም ኪኒናውን ተዉት። ሁለት ወር ሲቀሩ አስተውያለሁ፤ ደውዬ አልጠየቅኩም። ሲመጡ እግራቸው ቆስሎ ነበር። ልጅቷ በፍቅር ነው የላከችው፤ እናትየውም ያመኑት በፍቅር ነው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ማሰሮው ውስጥ ምን እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። አሜሪካ የተሠራውም ከሕንዱ አልተሻለም። በአዩርቬዳ ውስጥ ብረትና ማዕድን ሆን ብሎ የሚቀምም ዘርፍ አለ፣ ራሳ ሻስትራ ይባላል፤ ችግሩ ጎልቶ የታየውም በእሱ ምርቶች ነው።

ከአዩርቬዳ የወሰድኩት ብዙ ነው። ዋናውን ምግብ በቀትር መብላት፣ እራትን ቀለል ማድረግ፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ከምግብ በኋላ የዝንጅብል ሻይ። እርድም በወጥ ውስጥ ምግብ ነው፣ ብሉት። ተጨምቆ ከፒፐሪን ጋር በእንክብል ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ፒፐሪን ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ሲሆን ሰውነት አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቅጠልም ቢሆን፣ ለሐኪማችሁና ለፋርማሲስታችሁ ንገሩ። ቢቆጧችሁም ንገሩ።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አልኳት። የታይሮይድ ኪኒን ትወስዳለች። አሽዋጋንዳ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ጉበታቸው የተጎዳባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል፤ ይህ በማስታወቂያው ላይ የለም። ከዚያ «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አልኳት። «ከሌሊቱ ስምንት» አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። የመውጫ ፈተናው ነው ያስጨነቃት። ሻይ አፈላሁና ስለ ፈተናው አንድ ሰዓት ያህል አወራን።