ለስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እጀታ ስትመርጥ መጀመሪያ ክፍተቱን እይ

ወንድሜ፣ «የጥበቃ ስድስት ጎራሼ ልምምድ ላይ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ቆዳ ላጠችው፤ ለስላሳ የጎማ እጀታ ልግዛላት ወይስ እንጨት ላስጠርብ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚህ ባሕር ዳር አሥራ ስድስት ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ በፊት ሽምብጥ ሰፈር አናጢ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄህ በሁለት በኩል ነክቶኛል። ጎማም ይሁን እንጨት በኋላ የሚታይ ነው። መጀመሪያ ከቃታው ቀለበት ጀርባ ያለውን ክፍተት እይ።

ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ጎራሽ ክፈት፣ ስድስቱን ጥይት አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ቁጠራቸው፣ ስድስቱንም ቀዳዳ በብርሃን አሳልፈህ እይ። ከዚያ እንደምትተኩስ አድርገህ ጨብጣት። በመሃል ጣትህና በቀለበቱ ጀርባ መካከል ባዶ ቦታ ታያለህ? የሚጎዳህ እሱ ነው። በርሜሉ ከእጅህ በላይ ስለሆነ ሽጉጧ ወደ ኋላ ብቻ አትገፋም፤ አፈሙዟን ወደ ላይ አንሥታ መዳፍህ ውስጥ ትዞራለች። አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ ከላይ ያለው ብረት ወደ ኋላ ሲሸሽና ስፕሪንጉ ሲታመቅ ምቱ ትንሽ ይረዝማል፣ ይለዝባል። ስድስት ጎራሽ ይህ የላትም፤ ያለው ምት በሙሉ መዳፍህ ላይ ያርፋል። የድሮዎቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ዓይነቶች፣ ዘራቸው እ.ኤ.አ. ከ1899 የሚጀምር፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ቀጭን የእንጨት እጀታ ነበራቸውና ይህ ክፍተት በግልጽ ይታይባቸዋል። መጥረቢያም እንዲሁ ነው፤ ዛቢያው ከቀጠነ ሰውዬው ከልክ በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ መዳፉም ይላጣል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ይህን ሞክር። በከተማችን ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሞልቷል። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጥና እጀታው ላይ ጠቅልለው፤ መምቻው (ከኋላ ተነሥቶ ጥይቱን የሚመታው ብረት) እና ቃታው በነፃነት መንቀሳቀሳቸውን አረጋግጥ። ከቀለበቱ ሥር ትንሽ ደራርበው። እኔ ይህን ሳደርግ ሽጉጧ እጄ ውስጥ መሽከርከሯን አቆመች፤ በየተኩሱ እጄን መልሼ ማስተካከልም ቀረልኝ። ጎማውን ሳልፈታ አንድ ወር ያዝኳት፤ የሚመቸኝን ውፍረት የነገረኝ እሱ ነው።

ግን ውፍረት ገደብ አለው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመያዣዋን የጀርባ ብረት የሚሸፍን ወፍራም የጎማ እጀታ ለተላጠው ቆዳህ ትራስ ይሆነዋል፤ ቃታውን ግን ከጣትህ ያርቀዋል። ስድስት ጎራሽ መምቻው በጣት ሳይነሣ ሲተኮስ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወደ አምስት ኪሎ ይደርሳል። በርሜሉን ከክንድህ አጥንት ጋር አስተካክለህ ስትይዝ የሌባ ጣትህ የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ለመድረስ እጅህን ወደ ጎን ካዞርክ እጀታው ትልቅ ነው፤ ምቱም አውራ ጣትህ አጥንት ላይ ያርፋል። እጅህ ትንሽ ከሆነ የጀርባውን ብረት ገልጦ የሚተው፣ ከፊት ክፍተቱን ግን የሚሞላ እጀታ ፈልግ። ትልቅ እጅ ካለህ ሆግ ወይም ፓክማየር የሚባሉት ፋብሪካዎች የሚሠሩት የጎማ እጀታ በደንብ ያገለግልሃል። የጣት ጎድጓዳ ያለውን ሳትጨብጠው አትግዛ፤ ጉብታው ጣትህ ሥር ከገባ እያንዳንዱ ጥይት ያሳምምሃል።

እንጨት ካስጠረብክ ወይራ ይሁን። እኔ በመጀመሪያ ለመጥረብ ስለሚቀል በዋንዛ ሠርቼ ነበር፤ ከታች እጀታውን ከብረቱ ጋር የምትይዘው ትንሽ ፒን የምትገባበት ቦታ ተጨፍልቆ እጀታው መነቃነቅ ጀመረ። ሐይቁ ዳር ክረምት እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ እንጨት ያብጣል፤ ስለዚህ ቪቴውን በካቻቢቴ አታጥብቀው፣ እስኪይዝ ብቻ። የመስታወት ያህል አታለስልሰውም፤ በላብና በዝናብ ያንሸራትታል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጌ በተልባ ዘይት አሸዋለሁ። ጎማ በዝናብ የተሻለ ይይዛል፣ ከካፖርት ሥር ስትመዛት ግን ልብሱን እየያዘ ይጎትታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በግራ በኩል ያለው እጀታ ከላይ ወፍራም ከሆነ ቀለህ ስታራግፍ አንዱ እዚያ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ያን ጥግ በሞረድ ስሞርደው ችግሩ ጠፋ።

ቆዳህ እስኪድን አትተኩስ። እጅ ሕመም ከለመደ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ይሸሻል፣ ያንን ማስረሳት ደግሞ እጀታ ከመቀየር ይከብዳል። የመሃል ጣትህ አጥንት ላይም ምልክት ካለ ንገረኝ፤ ካለ ክፍተቱን ብቻ ሙላ፣ የጀርባውን ብረት አትንካ።