ጸጉሩ የሚረግፍ የአዋሲ ድቅል በግ አይሸጥ፣ ይሸለት

ከመንዝ ሞላሌ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ጋሼ በልጃቸው ስልክ እንዲህ ብለው አስጽፈውልኛል፦ «ከአዋሲ የተዳቀሉ 4 በጎች አሉኝ፣ ጸጉራቸው ቦታ ቦታውን እየረገፈ ነው፣ ከስተዋልም። የመንዞቹ በጎቼ ግን ደህና ናቸው። ዘሩ ለኛ ብርድ አልሆነም መሰለኝ፣ ልሽጣቸው? ጸጉራቸው ያምራል ብዬ መቀስ እንኳን አላስነካኋቸውም ነበር።»

ጋሼ፣ አይሽጧቸው። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው የአዋሲ ዘርና የመንዝ ድቅል ደብረ ብርሃን የበግ ብዜት ማዕከል ስንት ዘመን የሠራበት ነው፣ ብርዱ አያቅተውም። እኔን የያዘችኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፣ መቀስ አላስነካኋቸውም ያሏት። የመንዞቹን ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) ብለው ሸልተዋቸዋል መሰለኝ፣ ለዛ ነው ደህና የመሰሉት።

እስቲ አንዷን ይያዙና አንገቷ፣ ትከሻዋና ሆዷ ስር ጸጉሯን ከፈል አድርገው ይዩ። መዥገር የሚመስል ግን የሚሮጥ ቡናማ ነገር ያገኛሉ፣ መዥገር ሳይሆን ክንፍ የሌለው ዝንብ ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ በበግ ላይ ደም እየመጠጠ ነው የሚኖረው። ጸጉሩ ላይ ደግሞ ሰሊጥ የሚያክል ቡናማ ፍሬ ተጣብቆ ካዩ ልጁ እዛ ውስጥ ነው ያለው። በጓ ስለሚያሳክካት አጥር ላይ ትታሸጋለች፣ በጥርሷም ትነጫለች፣ ጸጉሩን የምትነቅለው ራሷ ናት ማለት ነው። ኩሱ ጸጉሩን ያቀልመዋል፣ ቆዳ ነጋዴውም እከክ ነው እያለ ዋጋ የሚሰብርብን አንዱ በዚሁ ነው። (ወፍራም ቢጫ ቅርፊት ካዩ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቀጥታ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዷት።)

መድኃኒቱ መጀመሪያ መቀስ ነው። ውርጩ ለቀቅ ስላለ አሁን ጊዜው ነው፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ንጹህ ጆንያ አንጥፈው ይሸልቷቸው፣ ቆዳው ድረስ አይላጩት፣ ትንሽ ይተዉለት። ብዙው ተባይና ፍሬው ከጸጉሩ ጋር ይወርዳል፣ ያለ በግ ደም ደግሞ ትልልቁ ከጥቂት ቀን በላይ አይኖርም። የተሸለተውን ጸጉር ግን በረት ውስጥ ወይ በረት አጠገብ እንዳያስቀምጡት፣ ፍሬው ሳምንታት ቆይቶም ይፈለፈላልና ተመልሶ ይወጣባቸዋል። በጆንያ አስረው ራቅ አድርገው ያቆዩት፣ ለባና የሚሆነውንም በሙቅ ውሃ ካጠቡ በኋላ ያስፈትሉት። ከሸለቷቸው በኋላ ለጥቂት ሌሊት ነፋስ የማይገባበት ቦታ ያሳድሯቸው።

ከዛ ክሊኒኩ ዳያዚኖን ወይ ሌላ ለበግ የሚሆን መድኃኒት ይረጭልዎታል፣ አጭር ጸጉር ላይ ስለሆነ ትንሽ መድኃኒት ይበቃል። መድኃኒቱ ፍሬውን አይገድልም፣ ስለዚህ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለተኛ ዙር ካልተረጨ ድካሙ ከንቱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልቆጣ፣ እርስዎን ብቻ አይደለም፣ በየቀበሌው የማየው ስለሆነ ነው። የታመመችዋን ብቻ ለይቶ ማከም ይቅር! ደህና የሚመስሉት የመንዝ በጎችዎም ላይ ተባዩ አለ፣ ቁጥሩ ስላነሰ ነው ያልታየዎት፣ ሌሊት ተጠጋግተው ሲተኙ ይተላለፋል፣ ከእናትም ወደ ግልገል ይሄዳል፣ ግልገሎቹን ደግሞ ክፉኛ ነው የሚጎዳቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ይሸለቱ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይረጩ፣ ለመሸለት ያልደረሱት ግልገሎች ደግሞ ባለሙያው በሚያዘው መጠን ይረጩ። የጎረቤት በግ አብሮ የሚግጥ ከሆነ ጎረቤትንም ያስተባብሩ። ለስንዴና ለባቄላ የተገዛውን ጸረ ተባይ በግምት በጥብጦ በግ ላይ ማፍሰስማ ጭራሽ አይሆንም፣ በግም ሰውም ይመርዛል።

ክሳቱ ከተባዩ በላይ የመኖ ነገርም አለበት፣ ድቅሉ ከመንዙ ስለሚገዝፍ በዚህ በበጋ ግጦሽ ብቻ አይጠግብም፣ የባቄላ ወይ የምስር ገለባ ካለዎት ማታ ማታ ይጨምሩላቸው። ከሁለተኛው ርጭት ወር ቆይተውም ሥጋ ካልያዙ ልጅዎ ፎቷቸውን ይላክልኝ።