መልስ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ልትጨርስ ነው፣ ለኮሌጅ ከምን ትጀምር?

እህቴ፣ በጊዜ ጠየቅሽ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ የኢንተርኔት ማመልከቻ ኦገስት 1 ይከፈታል። ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ድርሰት ግን ከዚያ በፊት ትጀምር። ጣሪያው 650 ቃል ነው። የእኔ ልጅ መጀመሪያ የጻፈው ስለ ድህነት ነበር፤ አይቶት የማያውቀውን! ተውነው። በኋላ ለአያቱ የሐኪም ቤት ወረቀት ሲያስተረጉም "ኮፔይ" (ኢንሹራንስ ያለው ታካሚ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) ለሚለው ቃል አማርኛ አጥቶለት የተቸገረውን ጻፈ። አሁን እሱን መሰለ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላትን መምህራን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ታናግር። መስከረም ላይ ወረፋው አይጣል ነው። ፋፍሳን፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ክፍያ እርዳታ መጠየቂያውን ቅጽ ሙሉ፤ በነጻ ነው። "ኧርሊ ዲሲዥን" (ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከት) ላይ ግን ቶሎ እንዳትፈርሙ፤ ከተቀበሏት መግባት ግዴታ ነው። መጀመሪያ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ባለው የዋጋ ማስያ የሚደርስባችሁን ክፍያ ገምቱ።