የሚሰማ ልብ፦ ለአንድ የሰበካ ጉባኤ ተመራጭ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንድ የገጠር ደብር የሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ከተመረጥሁ አራት ወር ሆነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ አብረውኝ የተመረጡት አብዛኞቹ አባቶቼ ይሆናሉ። ስብሰባ ላይ ሲጮኹብኝ እኔም እጮኻለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ይቆጨኛል። ነገር ስሰማ ደግሞ መጨረሻ ያናገረኝ ሰው ሁሌም ትክክል ይመስለኛል። ገንዘብ ያዡ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ያለ ደረሰኝ ይቀበላሉ፤ እኔም አፍ አውጥቼ መናገር አልቻልሁም። አንድ ወዳጄ «ግርማ ሞገስ የሚሰጥ ክታብ አስጽፍ፣ ያን ጊዜ ይሰሙሃል» አለኝ። ጥበብና ጽኑ ጠባይ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ከክታቡ ልጀምር፤ እሱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ኦሪት ዘዳግም 18፥10-12 አስማተኛውንም ጠንቋዩንም አንድ ላይ ከልክሏል። «ስመ እግዚአብሔር ተጽፎበታል» የሚል መልስ እንደሚሰጡህ አውቃለሁ። ስሙ ለጸሎት የተሰጠን ነው፤ ሰውን ለማስገበር ብራና ላይ ሲውል በስሙ መነገድ ይሆናል። ደግሞ ክታቡ የሚያምርህ ሰዎቹ ሳይመረምሩ እንዲፈሩህ ብለህ ነው። ጥበብ ያለው ሰው ግን ቃሉ ቢመረመር ደስ ይለዋል። አስጽፈህ ከሆነ ለንስሐ አባትህ ሳትውል ሳታድር ንገር፤ ካላስጻፍህ ነገሩን እዚሁ ተወው።

ሰሎሞን በገባዖን በሕልም «ምን ልስጥህ?» ሲባል ረጅም ዕድሜ፣ ባለጠግነት፣ የጠላቶቹን ነፍስ አልለመነም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የለመነው «አስተዋይ ልቡና» ነው (1ኛ ነገሥት 3፥9)፤ የዕብራይስጡ ቃል «የሚሰማ ልብ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈውን የሁለቱን ሴቶች ፍርድ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በሰይፉ ነው። ሰይፉን ከማስመጣቱ በፊት ያለውን ቁጥር 23 ግን ብዙ ሰው ዘልሎት ያልፋል። ንጉሡ በመጀመሪያ «ይህችኛይቱ እንዲህ ትላለች፣ ያችኛይቱ ደግሞ እንዲህ ትላለች» ብሎ የሁለቱንም ቃል መልሶ ተናገረ። አንተም ስብሰባ ላይ ልታደርገው የምትችለው ይኸው ነው፤ ሰይፍ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ያው ሰሎሞን በስተርጅና ልቡ ዘንበል አለ (1ኛ ነገሥት 11)። ልጁ ሮብዓም ደግሞ ሦስት ቀን ቀጠሮ ወስዶ ሽማግሌዎቹንም አብሮ አደጎቹንም ጠይቆ የሚያስደስተውን ምክር መረጠ፤ ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ። ሮብዓም ጊዜም አማካሪም አልጎደለውም፤ የጎደለው የማይጥመውን መስማት ነው። ጥበብ አንድ ጊዜ ተቀብለው የሚያስቀምጡት ዕቃ ቢሆን አባትየው ባልጣለው፣ ልጅየውም በወረሰው ነበር።

እንዴት እንደሚገኝ ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግህም። የዋሸራውን ወይም የጎንጁን የቅኔ ጉባኤ አስብ። ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲጀምር ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል። የቆጠረውን ግን ብቻውን አያጸድቀውም፤ የታናናሾቹን ቅኔ ሰምቶ ለሚያርመው ከፍ ላለው ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል፤ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይታረማል። በማግሥቱ እንደገና ይቆጥራል። ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ሲታረም ከርሞ ነው። አስነጋሪውም ቢሆን የታናናሾቹን ሰምቶ ሲያበቃ የራሱን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ያንተ ወንበር የአስነጋሪ ወንበር ነው። የሌላውን ትሰማለህ፣ ታርማለህ፤ ያንተንም የሚሰማና የሚያርም ሊኖር ይገባል። ብዙ ሹማምንት የሚበላሹት ቆጠራውን ይዘው ነገራውን ሲተዉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሰው ምረጥ። አንዱ የንስሐ አባትህ ናቸው፤ በወር አንድ ቀን ቆርጠህ ሂድ፣ ያን ወር የተቆጣህበትን፣ ያዳላህበትን፣ የፈራህበትን በስሙ ጥራው። «ብዙ በድያለሁ» ማለት ለማረም አይመችም። ሁለተኛው ከዘመድህም ከወዳጅህም ያልሆነ፣ ካንተ ምንም የማይፈልግ፣ ፊት ለፊት የሚናገር ሽማግሌ ይሁን። የንስሐ አባትህ የጉባኤው አባል ከሆኑ ግን ተጠንቀቅ፤ ኃጢአትህን ንገራቸው እንጂ በንስሐ ሰበብ ለስብሰባ ድምፅ አታግባባቸው።

ወደ ጸሎቱ ልምጣ። ያዕቆብ ጥበብ የጎደለው ሳይነቅፍ በልግስና የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን ይላል (1፥5)። አዲስ ተሿሚ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት እይዛለሁ ብሎ ይነሣል፤ በሦስተኛው ሳምንት የእርሻ ሥራ ሲበዛበት ሁሉንም ይጥላል፣ ከዚያ አፍሮ አቡነ ዘበሰማያትንም ይተዋል። አንተ ለጊዜው የነግሁን፣ የጧቱን ጸሎት፣ ያዝ፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ምዕራፍ ከመጽሐፈ ምሳሌ። በእኛ መጽሐፍ ከ1 እስከ 24 ምሳሌ፣ ከ25 እስከ 31 ተግሣጽ ይባላል፤ በጠቅላላ 31 ምዕራፍ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በ30 ሁለቱን የመጨረሻ ምዕራፎች አንድ ላይ አንብብ፣ በ1 እንደገና ጀምር። በዓመት 12 ጊዜ ትዞረዋለህ። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በዚያ ቀን የምትሠራበትን አንድ ቁጥር ብቻ ይዘህ ውጣ። ሦስት ወር ሳታቋርጥ ከቆየህ ማታ የሠርኩን ጨምር። ሲራክም ለመሪ የተጻፈ ያህል ነው፤ 51 ምዕራፍ ስላለው ለዐቢይ ጾም 55 ቀን ይበቃሃል።

አሁን ስብሰባው። መጨረሻ ያናገረህ ሰው ትክክል የሚመስልህ ልብህ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ መጽሐፈ ምሳሌ 18፥17 ወደ ፍርድ አስቀድሞ የገባ ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው ግን መጥቶ ይመረምረዋል ይላል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ሥርዓት ማበጀት ነው። ባለጉዳይ መንገድ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ጽዋ ማኅበር ላይ ሲይዝህ «ሰምቼሃለሁ፣ ሌላውን ወገን ሳልሰማ ግን አንድ ቃል አልናገርም» በለው። «እውነትህን ነው» አትበል፤ ለማጽናናት ብለህ የተናገርኸው ማታውኑ «ምክትሉ ፈርደውልኛል» ተብሎ ይወራል። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ስማ፣ ከዚያ አንድ ላይ ጠርተህ የእያንዳንዱን ቃል መልሰህ ተናገር፣ «እንዲህ ነው ያልኸው?» ብለህ አረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ጠቡ ግማሹ እዚህ ላይ ይረግባል፤ ሰው የሚጮኸው አልተሰማሁም ብሎ ነውና። ነገሩ ከባድ ከሆነ አሳድረው። አስታውስ፣ ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ አንተ ብቻህን የምትቆርጠው ነገር የለም፣ ይህም ለአንተ ዕረፍት ነው።

የአነጋገር ተራም ለውጥ። በእኛ አገር ትልቁ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ በይሉኝታ «እንዳሉት ነው» ይላል፤ የተለየ አሳቡን በር ላይ ወጥቶ ያወራዋል። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጀምር፣ ወደ ምእመናን፣ ከዚያ ወደ ካህናቱ ውጣ፤ የአንተን አሳብ ከሁሉ በኋላ ተናገር። ሽማግሌዎቹ «ልጅ ቀደመን» ብለው እንዳያዝኑ ከስብሰባው በፊት ሄደህ «ታናሾቹ አፋቸውን እንዲፈቱ ቃላችሁን ወደ ኋላ ማቆየቴ ነው» ብለህ አስረዳ። ይህን ቀድመህ ካልነገርሃቸው ሥርዓቱ ራሱ ጠብ ይሆናል።

ቁጣህን በተመለከተ፣ ጎጃም ላይ ሰው በአደባባይ ከተደፈረ ዝም ማለቱ እንደ ፍርሃት ይቆጠርበታል። ይህ ክብር የሚሉት ነገር ስንት ቤት ደም አቃብቷል! መጽሐፈ ምሳሌ 16፥32 ግን በመንፈሱ ላይ የሚገዛ ከተማ ከሚይዝ ይበልጣል ይላል፤ ጀግናን የሚያውቅ ሰው ይህን ሚዛን ያውቀዋል። ሲጮኹብህ የምታደርገው ይህ ነው፦ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ሰውየው ያለውን ነጥብ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው፣ ጸሐፊውም አንብቦ ያሰማው። የሚጽፍ እጅ ለመጮኽ አይቸኩልም፤ ተናጋሪውም ቃሉ እየተጻፈ መሆኑን ሲያይ ይመዝናል። ካልበረደ ስብሰባውን በጸሎት ለዐሥር ደቂቃ አቋርጥ። ከጮኽህ ደግሞ ጳውሎስ ፀሐይ ሳይገባ ያለውን (ኤፌሶን 4፥26) ቃል በቃል ያዘው፣ ከመምሸቱ በፊት በእግርህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። «አጥፍቻለሁ» በል እንጂ «ቅር ካለህ ይቅርታ» አትበል፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ወደ እሱ ይመልሰዋል። ይቅርታ ስትጠይቅ ግን ትክክል ያልኸውን ውሳኔ አብረህ አትጣለው። የጠፋው ጩኸቱ ነው፤ ውሳኔው ስሕተት ካለበት ለብቻው ይታያል።

ሥራ ስለ ማካፈል ረዥም አልናገርም። ዮቶር ሙሴን ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ ራስህም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎታል (ዘጸአት 18)፤ የሻለቃ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የዐሥር አለቃ ሲያስመርጠውም ዐዋቂነትን፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን፣ ታማኝነትንና የግፍ ረብ መጥላትን ጠይቋል። አንተም ምእመናኑን በጎጥ ከፍለህ ለእያንዳንዱ ጎጥ ሁለት ሰው መድብ። ሥራ ስትሰጥ «አጥሩን እዩት» አትበል፤ «40 እንጨት፣ እስከ ኅዳር 12፣ ኃላፊው እገሌ» ብለህ ስጥ። ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ዞሮ ወደ አንተ ይመጣል፣ አንተም ሰነፎች ብለህ ትቆጣለህ።

አሁን ወደ አጎትህ። ከሁሉ ያስፈራህ ይህ መሆኑን ከጥያቄህ አይቻለሁ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ቲቶን አምኖ ለብቻው አላስያዘውም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሌላ ወንድም ጨመረበት። ምክንያቱን ሲነግረን በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን አለ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21)። ቲቶ ሌባ ስለ ነበረ አይደለም። የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲውም፣ በ1965 ዓ.ም. የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ሲወጣ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀመጠው የቤተ ክርስቲያን ሀብት በአንድ ሰው እጅና ቃል ብቻ እንዳይያዝ ነው።

ስለዚህ የአጎትህን ጠባይ ሳይሆን አሠራሩን ለውጥ። ሙዳየ ምጽዋቱ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ አንድ ከካህናት፣ አንድ ከምእመናን፣ አንድ ከወጣቶች ይገኝ። ብሩ በየዓይነቱ ይለይ፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠረው፣ ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርሙ፣ በቀጣዩ የሥራ ቀን ባንክ ይግባ፣ የባንኩ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድ፤ «የተሰረዘ» ተብሎ ጥራዙ ላይ ይቅር። ገንዘብ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሣጥኑን ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሾልከው ሳይመዘገብ የሚቀረው ስእለት ነው፦ በጉ፣ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ በመኸር ጊዜ የሚመጣው ጤፍ። እህሉ በቁና ይሰፈር፣ በጉ የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍ። «ለጊዜው ተበድሬ እመልሳለሁ» የሚባለውንም ከራስህ ጀምረህ ከልክል፤ አንድ ብር ቢሆንም።

ይህን ለጉባኤው ከማቅረብህ በፊት ለአጎትህ ንገራቸው፣ ብቻቸውን፣ በቤታቸው። ሰው ፊት ከሰሙት እንደ ክስ ይሆንባቸዋል፣ የቀረው ዘመዳችሁም ለሁለት ይከፈላል። ያሳደጉህን ውለታ በቅድሚያ አንሣ፣ ከልብህ። ቀጥለህ «እርስዎ ቢሞቱ ወይም ቢታመሙ ስምዎን ከሐሜት የሚያወጣልዎ ይህ ጥራዝ ብቻ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የተቀበሉትን አብረን እናስታውስና ዛሬውኑ እንመዝግበው» በላቸው። እሺ ካሉ ያለፈውን በዝርዝር ጽፋችሁ አስተዳዳሪው ባሉበት ለጉባኤው አስታውቁ፤ የጎደለ ካለም የሚከፈልበት ቀን ይቆረጥ። ከተቆጡ አትመልስ፣ ጉልበት ስመህ ውጣ፣ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቃል ይዘህ ተመለስ። ሁለተኛም እምቢ ካሉ፣ ማቴዎስ 18፥16 እንደሚለው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ካህን አንዱ ይሁን። በሦስተኛው ጉዳዩ የጉባኤው ነው፤ ያን ዕለት የዝምድናህን ነገር ራስህ ተናግረህ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠብ፣ አስተዳዳሪው ይምሩት። በመጀመሪያው ቀን ስትሄድ ግን አዲሱን የደረሰኝ ጥራዝና እስክሪብቶ በእጅህ ይዘህ ሂድ።