ስስ ሶላር ፓኔል ክረምትን እንዲችል

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ ያስለጠፍሁት፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ስስ ሶላር ፓኔል አንድ ክረምት እንዳለፈበት ጠርዙ ነጣ፤ ኃይሉም ደከመ። የማስተምራቸው የቴክኒክ ተማሪዎች ርካሽና ዘላቂ ስስ ፓኔል ለመሥራት ስላሰቡ፣ ከምን እንዲጀምሩ ትመክሯቸዋላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተማሪዎችዎ በቅድሚያ ወጪ የሚቀነስበትንና የማይቀነስበትን ቦታ ይለዩ። የተለመደው የሲሊከን ፓኔል ሴል ውፍረቱ ከ100 ማይክሮሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ሲበልጥ፣ ከስስ ፓኔል ዓይነቶች አንዱ በሆነው በካድሚየም ቴሉራይድ ፓኔል ላይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ንብርብር ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ቁጠባው የሚገኘው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ያንኑ ስስ ንብርብር ከውኃ በሚጠብቀው ማሸጊያ ላይ ደግሞ መሰሰት ትርፉን መልሶ ያጠፋዋል።

በእርስዎ ፓኔል ላይ የታየው ንጣት፣ ሳላየው ለመናገር ያህል፣ የላይኛው ፕላስቲክ ከሥሩ መላቀቅ መጀመሩን የሚያመለክት ይመስለኛል። መስታወት የውኃ ተን አያሳልፍም፤ ፕላስቲክ ግን በዝግታ ያሳልፋል፤ በጠርዝ በኩል ደግሞ ንብርብሮቹ የሚጋጠሙበት ስፌት ስላለ እርጥበቱ ይበልጥ በፍጥነት ይገባል። የገባው እርጥበት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ግልጽ ንብርብር (ብዙ ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ነው) ሲያበላሸውና የብረት መስመሮቹን ሲያዝግ፣ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ብትወጣም የፓኔሉ ውስጣዊ ተቃውሞ ይጨምራል፣ ኃይሉም ይቀንሳል።

ስለዚህ ስሱን ንብርብር (ፊልሙን) በሁለት መስታወት መካከል ማድረግ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ፊልሙን ጠርጎ ማንሳትና ያንን ባዶ ዙሪያ እርጥበትን አጥብቆ በሚከላከለው በቡቲል ጎማ መዝጋት ዋናው ሥራ ነው። ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳም እንዲሁ ይታሸግ። ወደ ጣና ደሴቶች በጀልባ ለሚሄድ ፓኔል መስታወት ክብደትና የመሰበር ሥጋት እንደሚያስከትል አይካድም፤ እኔ ግን ያም ሆኖ መስታወትን እመርጣለሁ።

ፓኔሉ ከቆርቆሮው ጋር አይጣበቅ፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ አየር ይግባበት። የካድሚየም ቴሉራይድ ፓኔል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ 0.3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ሲሊከንማ ከዚህም ትንሽ ይብሳል።

የጥንካሬ መለኪያው ዓለም አቀፉ ፈተና ነው፦ በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1000 ሰዓት መቆየት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሌለ፣ ጠርዛቸው የታሸገና ያልታሸገ ናሙናዎችን ጎን ለጎን ለክረምቱ ማስጣትና ቮልቴጃቸውንና የአጭር ዙር ከረንታቸውን (ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ሲገናኙ የሚፈሰውን) በአንድ ቀን፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ መለካት ይቻላል። ካድሚየም መርዛማ ስለሆነ ግን ተማሪዎቹ የተሰበረ ፓኔል እንዳይቆርጡና እንዳያቃጥሉ አደራ እላለሁ።