የአባታችን ቮልስ ሞተር ለሞተር ሳይክል ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ከወንድሜ ጋር ብየዳ ቤት አለን። ጓሯችን የቆመ የአባታችን ቮልስ አለ። ቦዲው በልቷል፣ ሞተሩ ግን ዛሬም ይነሳል። በሱ ሞተር ለረጅም ሰዓት ውድድር የሚሆን ሞተር ሳይክል ራሳችን ልንሠራ አስበናል። ሰፈሩ ሁሉ አበዱ ይለናል። ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ይቻላል፣ አላበዳችሁምም። ብራዚል ውስጥ አማዞናስ የሚባል ሞተር ሳይክል በዚሁ በቮልስ ሞተር ተሠርቶ ይሸጥ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድል ሙንሽም እ.ኤ.አ. በ1966 የኤን ኤስ ዩ መኪና ሞተር ገጥሞ ሠርቷል፤ ጉልበቱን የራጂ ቸርኬ አልችል ስላለው የኋላውን ከማግኒዚየም ቅይጥ አስፈስሶ ነው የገላገለው።

የናንተ ጣጣ ግን ጉልበት ሳይሆን አቅጣጫ ነው። የቮልስ ክራንክ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በመኪናው ርዝመት ነው የተኛው፣ ካቴና ደግሞ አግድም ዘንግ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መሐል ላይ 90 ዲግሪ የሚያዞር ጥርስ የግድ ነው። እሱ ጥርስ የቮልሱ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ አለላችሁ! ካምቢዮውን ከነዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ ከሚያካፍለው ክፍል ጋር) ውሰዱት፣ ዲፈረንሻሉን ቆልፉት፣ በአንድ ጎኑ የካቴና ጥርስ ግጠሙ። አንድ ነገር አደራ። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው ኋላ ነው፣ እናንተ ግን ከፊት ነው የምታደርጉት። ውስጥ ያለውን ትልቁን የዲፈረንሻል ጥርስ ወደ ሌላው ጎን ካላዞራችሁት አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ውድድሩ ረጅም ሰዓት ነው ካላችሁ ሙቀትን አስቡ። ቦል ዶር የሚባለው የፈረንሳይ የሞተር ሳይክል ውድድር 24 ሰዓት ነው። የቮልስ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ለማማር ብላችሁ ማራገቢያውንና የቆርቆሮ ሽፋኑን እንዳትነቅሉ።

ደሴ ወጥታችሁ ስትሞክሩት ቢደክም አትደንግጡ። 2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ጫፉ እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ከለበሰ የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ብሎን) ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀይሩ።

ፍሬኑን ግን በጣም እፈራላችኋለሁ። ሞተሩ ብቻውን ሊነሳ የሚከብድ ነው፤ የትንሽ ሞተር ሳይክል ፍሬን አስራችሁ ሐረጎን ቁልቁል እንዳትወርዱ፣ ያ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ዲስክ አድርጉና መጀመሪያ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት።

ሻንሲውን ከመበየዳችሁ በፊት ሞተሩንና ካምቢዮውን ገጥማችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ከጫፍ ጫፍ ለኩና ልኩን ከፎቶ ጋር ላኩልኝ።